የሙሪየል ቀይ መስመር

ሙሪየል ኤንትዊስል ክፉ ሴት ነበረች የሚል ሰው በከተማችን አይጠፋም። ይበል፤ የሰው አፍ መዝጊያ የለውም። እኔ ግን በደብሩ ትምህርት ቤት ኩሽና ሃያ ስድስት ዓመት ድንች ስልጥ ኖሬያለሁ፤ ከዚያ ውስጥ ሃያውን ዓመት ረቡዕ ረቡዕ ከእሷ ጋር ሻይ ጠጥቻለሁ። ክፋት አላየሁባትም። ያየሁባት ግትርነት ነው። ክፉ ሰው ሲበድል ያውቀዋል፤ ሙሪየል ልክ የሠራች እየመሰላት ነው የገዛ ልጇን ያጣችው።

እኔ ቤሪል እባላለሁ። እግዚአብሔር አለ ወይ ብትሉኝ መልሴ እኔ እንጃ ነው። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ለመዝሙሩና ከጸሎት በኋላ ለሚቀርበው ሻይ ነው። ሙሪየል ይህንን አሳምራ ታውቃለች። «አንቺ እኮ የምታመልኪው ብስኩቱን ነው» ትለኝ ነበር። «አንቺ ደግሞ ሰዓቱን» እላት ነበር እኔም።

እሷ ከልቧ ታምን ነበር። እናቷም፣ እሷም፣ ልጇ ጊሊያንም የተማሩት በዚያው ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን የሚለያቸው ዝቅ ያለ የድንጋይ አጥር ብቻ ነው። ባሏ ሲሪል ከሞተ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ ከቄስ ሆልሮይድ ጋር እየመጣች ልጆቹን የጠዋት ጸሎት ታስጸልያለች፣ የኖኅንና የዮናስን ታሪክ ትነግራቸዋለች። ዓሣ ነባሪውን ስትሆን ሕፃናቱ እየጮሁ ወንበር ስር ይገቡ ነበር። ምሳ ሲደርስ እጃቸውን አጣምረው ያመሰግናሉ፤ አንደኛው ዓይናቸው ተጨፍኖ፣ ሌላኛው የእኔ ጣፋጭ ፑዲንግ ላይ። ገና ሲመጣ የሳህን ፎጣ ራሳቸው ላይ አስረው በልደት ድራማው እረኛ ይሆናሉ። ሙሪየል ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀራት፤ የልጅ ልጇ ቴስ ሰማያዊውን የትምህርት ቤት ሹራብ ለብሳ ከእነዚያ ልጆች መሃል ስትዘምር ማየት። ሹራቡን ሕፃኗ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው ሠርታ የጨረሰችው። «ታድግበታለች» አለችኝና በወረቀት ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው።

ችግሩ ያንን ሹራብ የሚፈልገው ሰው መብዛቱ ነው። የትምህርት ተቆጣጣሪዎች መጥተው ትምህርት ቤቱን ወደር የለውም ብለው ከጻፉ በኋላ ከተማው በሙሉ ልጁን እዚያ ማስገባት አማረው። ቦታው በዓመት ሠላሳ ነው። ደንቡ ደግሞ የምእመናንን ልጆች ያስቀድማል። ምእመን ማለት እንግዲህ፣ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ በወር ሁለት እሁድ ቤተ ክርስቲያን የተገኘ ወላጅ ነው። መገኘቱን የሚያረጋግጠው በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ መዝገብ ነው። የመዝገቡ ጠባቂ ሙሪየል ናት።

እምነት እንደ ጉንፋን ሲዛመት ያየሁት ያኔ ነው። ለሰርግና ለቀብር ካልሆነ ደጁን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች የልጅ ጋሪ እየገፉ አግዳሚ ወንበሩን ሞሉት። መቼ እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚቀመጥ ስለማያውቁ ዓይናቸው እኛ አሮጊቶቹ ላይ ነው፤ እኔ ጉልበቴን አሞኝ ቁጭ ስል ሦስት ረድፍ ሰው አብሮኝ ቁጭ ይላል። ሚያዝያ ላይ ልጃቸው መግባቱን የሚነግራቸው ደብዳቤ ሲደርስ፣ የሚቀጥለው እሁድ ወንበሩ ባዶ ነው። ቄስ ሆልሮይድ ይህንን እያወቁ ዝም ይሉ ነበር። ከሠላሳው አንዱ እንኳ ከእኛ ጋር ቢቀርልን ብለው ተስፋ ያደርጋሉ። አንድም ሲቀር አላየሁም።

ሙሪየልን ግን ያንገበግባት ነበር። ፌርክላፍ የሚባል ሰውዬ ነበር፤ በካፖርቱ ስር የእግር ኳስ ማሊያ ለብሶ ይመጣና፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ስሙን ፈርሞ፣ ደወሉ ሳያበቃ በጎን በር ሹልክ ይላል። ሙሪየል መስመሩን ያመጣችው በእሱ የተነሳ ነው። ከዚያ ወዲህ ስም የምትጽፈው እሷው ራሷ ሆነች። የመጀመሪያው መዝሙር ሲዘመር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ ያየችውን ወላጅ ትጽፋለች፤ መዝሙሩ እንዳለቀ ማስመሪያ አስቀምጣ፣ ከመጨረሻው ስም ስር በቀይ እስክሪብቶ ታሰምራለች። ከመስመሩ በኋላ የመጣ እንዳልመጣ ይቆጠራል። ፌርክላፍ ምን አደረገ? መዝሙሩን ዘምሮ መሹለክ ጀመረ። ስሙ ግን ከመስመሩ በላይ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የየሳምንቱን መዝሙር መርጣ፣ ሰዉ ከመዝሙር መጽሐፉ እንዲያወጣው ቁጥሩን ግድግዳው ላይ ባለው የእንጨት ሰሌዳ የምትደረድረው ሙሪየል ነበረች፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ለመጀመሪያው መዝሙር ሁልጊዜ አጭሩን፣ ሦስት አንጓ ብቻ ያለውን ታወጣለች፤ ለአሮጊት ጉልበት አዝና ነው። ጊሊያን ልጅ ሳለች ቁጥሮቹን ከሳጥን እየለቀመች የምታቀብላት እሷ ነበረች፤ የትኛው መዝሙር ስንት አንጓ እንዳለው ከቁጥሩ ብቻ ታውቅ ነበር።

ጊሊያን አንድ ልጇ ናት። ባሏ ጥሏት ከሄደ በኋላ ቴስን ብቻዋን ታሳድግ ነበር። ሥራዋ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው፤ ሽማግሌዎችን ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ታገላብጣለች። እሁድ ከሥራ ነፃ የምትሆነው በወር ሁለቴ፣ ቅዳሜን አድራ ስትወጣ ብቻ ነው። ሁለት እሁድ፣ ደንቡ የሚለውን ያህል ማለት ነው። ግን እሁድ ጠዋት ከዚያ ሰፈር የሚመጣው አውቶብስ አንድ ነው። ጸሎቱ የሚጀምረው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ የመጀመሪያው መዝሙር አራት ከስድስት ላይ ያልቃል፤ አውቶብሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት የሚቆመው አራት ከስምንት ላይ ነው። ጊሊያን ሮጣ በሩን ስትከፍት አራት ከአሥር ይሆናል።

በእነዚያ ሌሊቶች ቴስ አያቷ ዘንድ ታድርና ጠዋት አብራት ትመጣለች። ሙሪየል ጠረጴዛው ጋ ከጎኗ ታስቀምጣታለች። መስመሩ ሲሰመር ማስመሪያው እንዳይንሸራተት በትንንሽ ጣቶቿ ግራና ቀኝ የምትይዘው ቴስ ነበረች፤ ምላሷን አውጥታ፣ ተጠንቅቃ። ከዚያ በሩ ይከፈትና እናቷ ሐምራዊ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እያለከለከች ትገባለች። መጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ቴስ ጭኗ ላይ ትወጣለች፤ ስብከቱ መሃል እንቅልፍ ይጥላታል። ቡራኬው ሳይሰጥ ግን ወጥታ አታውቅም። እነዚያ የልጅ ጋሪ ገፊዎች አንድ ዓይናቸው በሩ ላይ ሆኖ፣ እሷ እስከ መጨረሻው ትቆይ ነበር። ስሟ አይጻፍም።

ሙሪየል ሳትነግራት ቀርታ አይደለም። «ከመስመሩ በፊት ድረሺ» ትላታለች በየጊዜው። ጊሊያን የእናት ጭቅጭቅ መሰላት። አንድ ረቡዕ ከአያቷ ጋር የዋለችውን ቴስን ልትወስድ ትምህርት ቤቱ ስትመጣ ኩሽናዬ በር ላይ ቆም ብላ፣ «እትዬ ቤሪል፣ እማዬ ስሜን ትጽፈው ይሆን እንዴ?» አለችኝ። እኔም፣ ምላሴን ይቁረጠውና፣ «እናትሽ አይደለችም እንዴ? የእናት ሆድ መቼ ይጨክናል? ተይው ይልቅ፣ ሂጂና ተኚ» አልኳት። አምናኝ ሄደች። ሌላ መላ መፈለጊያ ጊዜ እያላት ያዘናጋኋት እኔ ነኝ።

ማመልከቻ የሚገባበት ወር ደርሶ ቄስ ሆልሮይድ የምስክር ወረቀቱን ሊሞሉ መዝገቡን ቢያገላብጡ፣ የጊሊያን ስም በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቦታ የለም። ሙሪየልን ጠሯት። እኔ ሻይ እያቀረብኩ ስለነበር ሰማሁ። ልጅቷን ሁላችንም አይተናታል፣ ብትጽፊያት የሚያጉረመርም የለም አሏት።

«እኔ አጉረመርማለሁ» አለች ሙሪየል። «አምና አንዲት እናት ሁለት እሁድ ጎድሎባት እዚህ ቆማ ስታለቅስ መልሻታለሁ። የሷን ልጅ መልሼ የራሴን ካስገባሁ እንግዲህ ምን ልባል ነው?»

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። ያችን እናት አስታውሳታለሁ፤ ሙሪየል ያን ቀን ማታ እራት አልበላችም።

ሚያዝያ ላይ ደብዳቤው መጣ። ቴስ የተመደበችው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ባለ፣ ሁለት አውቶብስ በሚያስይዝ ትምህርት ቤት ነው። እሱ ማለት ደግሞ ጊሊያን ወይ ሥራዋን ትለቃለች፣ ወይ የአራት ዓመት ልጅ ብቻዋን ትሄዳለች። ይግባኝ አለች። ይግባኙ ሰኔ ላይ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ፎቅ ታየ። ሦስት ይግባኝ ሰሚዎች ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል፤ እኔ ጊሊያንን ላበረታታ አብሬ ገብቻለሁ። ሙሪየል መዝገቡን ይዛ እንድትቀርብ ተጠርታ የፋሲካ ካፖርቷን ለብሳ፣ መዝገቡን ደረቷ ላይ ታቅፋ ገባች። ከልጇ ጎን ባዶ ወንበር ነበር። እዚያ አልተቀመጠችም።

ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረገች ለስላሳ ሴት ናት። «ሚስስ ኤንትዊስል፣ ልጅዎ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ቤተ ክርስቲያን ትገኝ ነበር?» ብላ በአክብሮት ጠየቀቻት።

ሙሪየል መዝገቡን ገለጠች። «ከመስመሩ በፊት አልተገኘችም» አለች።

«ከመስመሩ በኋላስ?»

«ከመስመሩ በኋላ የሚጻፍ ነገር የለም።»

በወር ሁለቴ ደክማ ስትገባ እኔ በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ ልል አፌን ስከፍት ጊሊያን ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። ፊቷ ገርጥቶ ነበር። ሦስቱ ሰዎች ብዙ አልቆዩም። የተጻፈ ማስረጃ የለም፣ ይግባኙ ውድቅ ነው አሉ።

ደረጃው ላይ ጊሊያን አልጮኸችም። ምነው በጮኸችባት። «እማዬ» አለቻት፣ «ከዚያ ጠረጴዛሽ አውቶብስ ማቆሚያው ይታያል። ወርጄ ስሮጥ ሁሌ ታዪኝ ነበር። እያየሽኝ ነው ያሰመርሽው።»

«ሁሉንም በእኩል ዓይን ነው ያየሁት» አለች ሙሪየል።

«እኔ ሁሉም ነኝ?»

ሙሪየል መዝገቡን አጥብቃ ታቀፈችው። አሁን ሳስበው፣ ያኔ አንዲት ቃል ብትናገር ኖሮ እላለሁ፤ ኖሮ ምን ያደርጋል። ጊሊያን የቴስን እጅ ይዛ ወረደች።

ነሐሴ ላይ ዕቃዋን ጭና ሃል ወደሚባል ከተማ ሄደች፣ ከአገሩ ወዲያኛው ዳርቻ። እዚያ ቴስ ከቤቷ ማዶ ያለ ትምህርት ቤት ገባች፤ ማንም የት ትጸልያላችሁ ብሎ አልጠየቃቸውም። እኛ ጋ የፌርክላፍ ልጅ ገባ። መስከረም ላይ ሰማያዊ ሹራቡን ለብሶ ለምሳ ተሰለፈልኝ። ሕፃን ምን አጠፋ፣ ፑዲንግ ጨመርኩለት። አባቱን ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዳግመኛ አላየነውም።

ሙሪየል ረቡዕ ረቡዕ መምጣቷን አልተወችም። ታሪኩን ትነግራለች፣ ታስጸልያለች፤ ዓሣ ነባሪ መሆን ግን ቀረ። ልጆቹ ቢለምኗትም ጉሮሮዬን አሞኛል ትል ነበር። ከዚያ ዓመታት አለፉ። የሚወለደው ልጅ ቁጥር አነሰና ሠላሳው ቦታ መሙላቱ ቀረ፤ አንድ ዓመት እንዲያውም አሥራ አንድ ወንበር ባዶ ነበር። ደንቡ ተነሳ፤ የመጣ ሁሉ እንኳን ደህና መጣህ ተባለ። መዝገቡ ቁም ሳጥን ገባ። እሁድ እሁድ የምንገኘው ዘጠኝ አሮጊቶችና አንድ ኦርጋን የሚመታ ሽማግሌ ሆንን። ሙሪየል ግን መዝገብ በሌለበት ጠረጴዛ እዚያው በሩ አጠገብ ትቀመጥ ነበር። ምነው ወደ ፊት ብትመጪ ስላት ልማድ ነው አለችኝ። ልማድ አልነበረም። የአውቶብስ ማቆሚያውን ነበር የምታየው። ከሃል ለገና አንድ ካርድ ይመጣል፣ ውስጡ የቴስ የትምህርት ቤት ፎቶ። ሙሪየልም ትጽፍ ነበር፤ ይቅርታ የሚለውን ቃል ጽፋ እንደሆነ ግን እጠራጠራለሁ። እንዴት እንደሚጻፍ የምታውቀው አይመስለኝም።

አምና ኅዳር ላይ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት ሆስፒታል ገባች። በሦስተኛው ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ በዚያ በተጎተተ አንደበቷ፣ «ቤሪል፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ስንት አንጓ አለው?» አለችኝ። የመዝሙር ቁጥር ነው። ስምንት አልኳት። የኛ ሽማግሌ ሲመታው ስንት ደቂቃ ይፈጃል ብላ ጠየቀች። እሱ ሲጎትተው ቢያንስ ስምንት ደቂቃ አልኳት፤ ቃዠች ብዬ ነው።

«አራት ከሦስት ላይ ሲነሳ አራት ከአሥራ አንድ ላይ ያልቃል» አለች። ቀድማ አስባዋለች። «ቅዳሜ ቁጥሩን የምደረድረው እኔ ነበርኩ ቤሪል። ደንብ ሳላፈርስ፣ ማንንም ሳልዋሽ፣ ረጅሙን ባወጣው ኖሮ ጊሊያን ትደርስ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልታሰበኝም።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን አጭር መዝሙር አጠገቧ ቆሜ የዘመርኩ እኔም አልታሰበኝም ነበር። እጇን ያዝኩ። አለቀሰች፤ እንባዋ ወደ አንድ ጎን ብቻ ነበር የሚወርደው። ወጥቼ ለጊሊያን ደወልኩ። የነገውን የመጀመሪያ ባቡር እይዛለሁ አለች፤ ያዘችም። ባቡሩ መንገድ ላይ ሳለ ሙሪየል አረፈች።

የምትቀበርበትን ልብስ ላወጣ ቤቷ ስሄድ ያንን ሹራብ መሳቢያው ውስጥ አገኘሁት፣ እንደተጠቀለለ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ከዚያ መልሼ ጠቀለልኩት።

የመዝሙር ሰሌዳውን የደረደርኩት እኔ ነኝ። ለመጀመሪያው መዝሙር ሁለት መቶ አሥራ ሁለትን አደረግኩ። አዲሷ ቄሳችን፣ ወጣት ሴት ናት፣ ለእነዚህ ሁሉ አሮጊቶች አይረዝምም ወይ ብትለኝ፣ እንቆማለን አልኳት። ጊሊያን በቀብሩ ቀን ከሁሉም ሰው በፊት፣ አንድ ሰዓት ቀድማ መጣች። ቴስ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እናቷን በቁመት በልጣታለች። ገብታ ያንን ጠረጴዛ ስታይ ቆመች፤ «ማስመሪያ እይዝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። የምን ማስመሪያ እንደነበር ያወቀች አልመሰለኝም። ማንም አልነገራትም፤ እኔም አልነገርኳት።

ጊሊያን ግን ዓይኗ ሰሌዳው ላይ ነበር። ወደ እኔ መጣች።

«ስምንት አንጓ ነው እኮ» አለችኝ። «እማዬ በሕይወቷ ይህንን መጀመሪያ ላይ አውጥታ አታውቅም። ማን መረጠው?»

«እናትሽ።»

«መቼ?»

«ዘግይታ» አልኳትና ሙሪየል ሆስፒታል ያለችውን ሁሉ፣ ደቂቃውን ሳይቀር ነገርኳት።

በከንፈሯ ደቂቃውን ትቆጥር ጀመር። ፊት ለቤተሰብ የተተወውን ወንበር ትታ፣ ቴስን ይዛ ድሮ በሥራ ልብሷ የምትቀመጥበት መጨረሻው ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። እኔ በሙሪየል ቦታ፣ ጠረጴዛው ጋ ቆምኩ። አራት ሰዓት ሲሆን ጸሎቱ ተጀመረ። ሽማግሌው መዝሙሩን እንደ ልማዱ እየጎተተ መታው፤ ማንም አልተቀመጠም፣ እኔም ከነጉልበቴ ቆሜ ነበር። አሁን በአዘቦት ቀንም አውቶብሱ በዚያችው ደቂቃ ነው የሚመጣው። አምስተኛው አንጓ ላይ ሳለን ማቆሚያው ጋ ደርሶ ቆመ። በሩ ተከፈተ፤ ማንም አልወረደም። ጊሊያን አንገቷን አዙራ በመስኮቱ አየችው። እኛ ገና ሦስት አንጓ ይቀረን ነበር።